የአባ ሲሶ አሥራ ሁለተኛው ኑዛዜ

ጎረቤቴ ቁልፍ ሠሪው አሥራ ሁለት ጊዜ ተናዘዋል፤ አንድም ጊዜ ግን አልሰጡም። አሥራ ሁለቱንም የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ሱቄ ከሱቃቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የክስ ወረቀት እየጻፍኩ ፎቶ ኮፒም እያነሳሁ ነው የምኖረው። ስለዚህ ስለ እሳቸው የማወራው ከወሬኛ ሰምቼ ሳይሆን በገዛ ጣቴ የመታሁትን ነው።

ፊት ለፊት ስንጠራቸው «ሐጂ» ነው የምንለው። ሐጅ ግን አልሄዱም። አንድ ዓመት «ዘንድሮ አስቤያለሁ» ብለው ሲናገሩ ሰዉ ሁሉ «አላህ ያሳካልዎት፣ ሐጂ» አላቸው። ጉዞው ቀረ፣ ማዕረጉ ተጣብቆ ቆየ፤ እሳቸውም «መልሱልኝ» አላሉም። በቀብድ የተያዘ ሐጂነት ማለት ይህ ነው። ከጀርባቸው ደግሞ «አባ ሲሶ» እንላቸዋለን። ይኼኛውን ስም ሠርተው፣ ለፍተው ነው ያገኙት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሃይማኖታችን ሰው ሲሞት ንብረቱ የወራሾቹ ነው፤ የማን ድርሻ ስንት እንደሆነም ተወስኖ የተቀመጠ ነው። ሟቹ እንደ ፈቃዱ ሊናዘዝበት የሚችለው ከሲሶው አይበልጥም። ሲሶውን ለመስጊድ፣ ለወላጅ አልባ ልጆች፣ ለድሃ፣ ወራሽ ላልሆነ ለፈለገው ሰው መተው ይችላል። እስኪሞት ድረስ ደግሞ ሐሳቡን መለወጥ አይከለከልም። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር አባ ሲሶ የሰሙ ቀን ዓይናቸው በራ። አንዲት ሲሶ ለስንት ሰው ተስፋ ልትሆን እንደምትችል በዚያች ቅጽበት ነው የገባቸው።

የመጀመሪያውን ኑዛዜ ለመስጊዱ ሚናራ አደረጉት። ወሬው በተሰማ በሳምንቱ የመስጊዱ ኮሚቴ ግንበኛ ልኮ የሚያፈሰውን ጣሪያቸውን በነፃ ደፈነላቸው። ጣሪያው በደረቀ በወሩ አዛን ከሚያሰማው ሙአዚን ጋር ተጣሉ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መስኮቴ አዞረብኝ ብለው ነው። ሮጠው ወደ እኔ መጡና «ሚናራውን ሰርዝ!» አሉኝ። ሁለተኛው ለወላጅ አልባዎቹ ትምህርት ቤት ሆነ። ሕፃናቱ ተሰልፈው መጥተው ዘመሩላቸው፤ እሳቸው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ጉብ ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ሦስተኛው ለጤና ጣቢያው ነበር። ሐኪሙ ጉልበታቸውን ቤታቸው ድረስ እየመጣ አየላቸው። ጉልበታቸው ሲሻል ሐኪሙን «ትዕቢተኛ ነው» አሉና አራተኛውን አስጻፉኝ።

ኑዛዜ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። አባ ሲሶ በሩ ላይ ቆመው ማጨብጨብ ብቻ ነው። ሰውየው ግማሽ ጺም ላጭቶ፣ ግማሹን በአረፋ እንደተሸፈነ ትቶ ይመጣል። እንደዚያ ሆኖ ወንበር ላይ የቀረው ደንበኛ እየተንጨረጨረ አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ዛሬ ደግሞ ለማን ሰጡ?» ይላል። የጽሕፈቱን ዋጋ ስጠይቃቸው «አጅር አለው» ይሉኛል። አጅሩን፣ የሰማዩን ምንዳ፣ አልጠላም፤ ወረቀትና ቀለም የሚሸጥልኝ ሰው ግን በአጅር አይሸጥም።

ለማኝ እንኳ ከእጃቸው ሳንቲም አላገኘም። አንድ ቀን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ከሱቃቸው በር ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«አንተማ አለህ» አሉት ዓይናቸውን በጨው አጥበው። «ኑዛዜዬ ውስጥ ‹ለድሆች› የሚል አስገብቻለሁ።»

«አላህ ይስጥዎት አባቴ! መቼ ነው የሚደርሰኝ?»

«ስሞት።»

ሽማግሌው ለምርቃት ያነሳውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባው። ረጅም ዕድሜ እንዳይመርቅ የራሱ ድርሻ ይዘገይበታል፤ ቶሎ ይውሰድዎት እንዳይል ነውር ነው። ትንሽ አሰበና «ለሁላችንም የሚበጀውን ያድርግ» ብሎ ሄደ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ በሳቅ ልፈነዳ ነበር።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሱቁን የምታሠራው ልጃቸው ናት። የሠላሳ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም፣ ቃሏ ጥቂት ነው። ቁልፉን በሞርሳ የምታስረው፣ ጥርሱን በሞረድ የምታወጣው፣ የተቆለፈበት ሰው ሲመጣ መሣሪያዋን ይዛ የምትሮጠው እሷ ናት። አባ ሲሶ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሂሳብ ይቀበላሉ። ደሞዝ አትበላም፤ ልጅ ከአባቷ ደሞዝ አትጠይቅማ። ማታ ማታ ከጣቶቿ ላይ የነሐስ ብናኝ ስታራግፍ እመለከታት ነበር፤ ከሱቁ ይዛ የምትወጣው እሱን ብቻ ነው።

የሱቁን በር መቆለፊያ አባ ሲሶ በወጣትነታቸው ራሳቸው ሠርተውታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ በክር አንገታቸው ላይ ይውላል። ሲከፈት ቁልፉ መጀመሪያ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ይሄዳል፣ ከዚያ በሩ በትከሻ ከፍ ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ይህን የምታውቀው ከእሳቸው ሌላ ልጅቱ ብቻ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በሩን በትከሻዋ የምታነሳላቸው እሷ ነበረችና። እሳቸው እስኪመጡ ግን ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ሃያ ዓመት ቆማለች።

በስድስተኛው ኑዛዜ ላይ ይመስለኛል፣ «ሐጂ፣ ለልጅዎስ?» ብዬ ነበር።

«አንተ ደግሞ!» አሉኝ ደረታቸውን ነፍተው። «ለወራሽ ኑዛዜ የለም። እሷ ሁሉን ወራሽ ናት። ሕጉን እወቅ እንጂ!»

ሕጉ ልክ ነው፤ ወራሽ ድርሻው ስላለው ከሲሶው አይጨመርለትም። እኔም አፌን ያዝኩ። የቀድሞው ኢማም ያረጁ ሰው ነበሩ፤ እንዲያዩት የምሰጣቸውን ኑዛዜ ሳያነቡ «ማሻ አላህ» ብለው ይመልሱልኛል።

ኢማሙ ዐረፉና አዲስ ሼህ ተሾሙ። እኚህኛው ወጣት ናቸው፣ መነጽር ያደርጋሉ፣ ወረቀት ያነባሉ። አሥራ ሁለተኛው ኑዛዜ ሲጻፍ እኔ ሱቅ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። የኮሚቴው ሊቀመንበርም አብሮ መጣ። ሊቀመንበሩ ሲሚንቶ ነጋዴ ነው። በዚህኛው ኑዛዜ ሲሶው እንዳለ ሰጋጁ ከሶላት በፊት ለሚታጠብባቸው ለመስጊዱ የውዱእ ቧንቧዎች እንዲውል፣ ግንቡም ላይ የአባ ሲሶ ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ እንዲለጠፍ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ቧንቧ ያለ ግንብ አይቆምም፣ ግንብ ያለ ሲሚንቶ አይሠራም። የሊቀመንበሩ መንፈሳዊ ቅናት ከየት እንደመጣ በዚህ ይታወቃል።

«ወራሾችዎ እነማን ናቸው?» አሉ ሼሁ።

«አንዲት ልጄ።»

«ሙሉ ስሟ?»

አባ ሲሶ ነገሯቸው። ሼሁ መነጽራቸውን አወለቁና «የአባቷ ስም የእርስዎ አይደለም» አሉ።

«አላህ ይማራትና፣ እናቷን ሳገባ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቶ ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ አባት አታውቅም።»

«አላህ ይመንዳዎት። ግን የእንጀራ ልጅ አትወርስም፣ ሐጂ። ከሥጋዎ ማን አለ?»

የወንድማቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሉ። ሩቅ ናቸው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የአጎታቸውን በር አላንኳኩም። ሁሉንም የሚወርሱት እነሱ ናቸው። አባ ሲሶ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። አሥራ አንድ ጊዜ ለሚናራ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለጉድጓድ ውሃ ስንናዘዝ ከርመን፣ ለአንዷ «አይቻልም» ያልነው፣ ወራሽ ስላልሆነች ከማንም ይልቅ ለሚቻልላት ልጅ ነው። ልጅ ናት እያሉ አፋቸውን ሞልተው መናገራቸው ነው ባዶ እጇን ሊያስቀራት የነበረው።

«ዛሬ ከሲሶው ያውጡላት» አሉ ሼሁ። «ገና ምንም አልተበላሸም።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እብነ በረዱ እኮ ታዟል» አለ። «ለሕዝብም ተነግሯል። ሐጂ ቃላቸውን አጠፉ እንዳይባል ነው እንጂ፣ እኔስ ምን አገባኝ?»

አባ ሲሶ ሼሁን አዩ፣ ሊቀመንበሩን አዩ። በአንድ ወገን ልጅቱ አለች፣ በሌላው ወገን ስማቸው የተቀረጸበት ድንጋይ። ሼሁ መወላወላቸውን አዩና ሌላ መንገድ አሳዩ።

«በጤናዎ እያሉ መስጠትም አለ። እሱ የሲሶ ገደብ የለበትም፤ ሱቁን ዛሬ ሊሰጧት ይችላሉ። ግን ስጦታ በቃል ብቻ አያልቅም፤ መረከብ አለባት። ቁልፉን በእጇ ሰጥተው ይልቀቁላት። ሳትረከብ ከሞቱ ስጦታው ስጦታ አይሆንም።»

አባ ሲሶ ብድግ አሉ። «ሱቄን ከነዕቃው ለልጄ ሰጥቻለሁ! ምስክር ሁኑ!» አሉ። ልጅቱ ተጠርታ መጣች፤ ሞረዱ እጇ ላይ ነበር። ስትሰማ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ለምስክርነት የተጠራው ፀጉር አስተካካይ አለቀሰ። አባ ሲሶ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ፣ ክሩን ያዙ፣ ትንሽ ሳብ አደረጉት። ከዚያ ለቀቁት።

«ቁልፉን ነገ በሥርዓቱ አስረክባታለሁ» አሉ።

ሲሶው እንዳለ ለቧንቧው ሆኖ ተጻፈ። ፈረምን።

ያቺ ነገ አሥር ወር ፈጀች። አባ ሲሶ በእነዚያ አሥር ወራት እንደ ወይፈን ጤነኛ ነበሩ። አንዴ መቆለፊያው ዘይት ይፈልጋል ይላሉ፣ አንዴ ክሩ አርጅቷልና አዲስ ክር ገዝቼለት ይላሉ፣ አንዴ ጁምዓ ይድረስ ይላሉ። ጁምዓ ሲደርስ ሼሁ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸው «ኢንሻ አላህ» ብለው ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ምስጋናው ግን አንድ ቀን አልዘገየም። «ለእንጀራ ልጁ ሱቅ የሰጠ ሰው» እየተባለ መንገድ ይለቀቅላቸው ጀመር። ሱቁ የተሰጣት ልጅ ደግሞ እንደ ድሮዋ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ፣ ሰጪው ቁልፉን ይዘው እስኪመጡ ትጠብቃለች።

አንድ ቀን ቆሽቴ አረረ። «አንቺ እኮ ቁልፍ ሠሪ ነሽ» አልኳት። «ምሳ ሲበሉ ቁልፉን ካንገታቸው ያወልቁታል። በሁለት ደቂቃ አምሳያውን አታወጪም?»

«ጋሼ፣ ሳይሰጡኝ ካወጣሁትማ የሌባ ቁልፍ ነው» አለችኝ።

እሳቸውንም አልማርኳቸውም። «ሐጂ፣ ሰው ሱቁን ሰጥቶ ቁልፉን እንዴት ይይዛል?» አልኳቸው።

መጀመሪያ «አንተ ጻፍ እንጂ አትጠይቅ» ብለው ተቆጡ። ቆይተው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሰጠኋት በኋላ ጠዋት ተነስቼ የት ልሂድ? ቁልፉ ከሌለ ማን ይጠብቀኛል?»

ለአፍታ አሳዘኑኝ። ዞር ስል ልጅቱን ከነመሣሪያ ቦርሳዋ ፀሐይ ላይ ቆማ አየኋትና ሐዘኔታዬን ወዲያው መልሼ ወሰድኩ።

አንድ ቀን ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ጋደም እንዳሉ በዚያው ዐረፉ። ሳይታመሙ፣ ሳያስቸግሩ ሄዱ፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ያጠቧቸው ሰዎች እንደነገሩኝ አንገታቸው ላይ ክሩም ቁልፉም አልነበረም።

የወንድማቸው ልጆች በሦስተኛው ቀን ደረሱ። አሥራ አምስት ዓመት ያጡትን መንገድ በሁለት ቀን አገኙት። በመስጊዱ ቢሮ ለመነጋገር ለዙህር ተቀጠርን። በዚያው ጠዋት ልጅቱ ወደ ሱቄ ገባችና መዳፏን ከፈተች። ቁልፉ ከነክሩ እጇ ላይ ነበር።

«ፍራሹን ላጥበው ብዬ ስተረትረው፣ ውስጡ ተሰፍቶ አገኘሁት» አለችኝ። «ስፌቱ የእሳቸው ነው፤ በጋደሙ ቁጥር ሲፈቱት ሲሰፉት ጨርቁን በመርፌ በሳስተውታል። የሸሚዝ ቁልፍ ሲሰፉም ወፍራም ክር ነው የሚወዱት።»

እኔ የምታስበውን አውቄዋለሁ፤ እኔም ያሰብኩት እሱኑ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚያድር እሷ ብቻ ናት። አባ ሲሶ ቁልፉን ፍራሽ ውስጥ የሰፉት ከማን ነው?

«ለካ ይፈሩኝ ነበር» አለች።

አንጀቴን በላችው። «ስሚኝ» አልኳት። «ቁልፉ እጅሽ ላይ ነው። ‹ሰጥተውኛል› በይ። እኔ እመሰክራለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩንም አናግረዋለሁ። ማንም አይጠይቅሽም።» በውሸት ልመሰክር ማለት ምን እንደሆነ አጥቼው አይደለም። በዚያች ሰዓት ግን ሰይጣን ራሱ ቢያስፈርመኝ እፈርም ነበር። እሷ መዳፏን ዘጋች።

ቢሮው ውስጥ ታላቅየው የወንድም ልጅ ብዙ አወራ። «ሰው ‹አባቷ› ይላል እንጂ አባቷ አይደሉም» አለ። «የእኛ አጎት ናቸው፤ ሥጋችን ናቸው። እህታችንን አክብረናል፣ ግን ሐቅ ሐቅ ነው።» ታናሽየው በየቃሉ ራሱን ይነቀንቃል። ሊቀመንበሩ የእብነ በረዱን ደረሰኝ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል።

ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። «ሱቁን ሰጥቻለሁ ሲሉ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቁልፉን ሲያስረክቧትስ አይተሃል?»

ፀጉር አስተካካዩ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ልጅቱን አየኋት፤ «አሁን» አልኳት በዓይኔ።

ተነስታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «አልሰጡኝም» አለች። «ፍራሻቸው ውስጥ ሰፍተውት አገኘሁት።»

ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም። ከዚያ መናገር ያለባቸውን ተናገሩ። ስጦታው ስላልተረከበ አልጸናም፤ ሲሶው ለቧንቧው፣ የቀረው ለወራሾች። «ወራሾች ግን ከገዛ ድርሻቸው በፈቃዳቸው ቢሰጧት» አሉና ወንድማማቾቹን ተመለከቱ፣ «ከቧንቧው ይልቅ ለሐጂ ነፍስ የሚጠቅመው ይህ ነው።»

ታላቅየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እናስባታለን፣ ሼሃችን» አለ። «ወላሂ እናስባታለን። ኑዛዜ የምንጽፍ ቀን።»

ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት ለካ ፈረስን ብቻ አይደለም እያልኩ ወጣሁ። ቢሮው ውስጥ ሊቀመንበሩ ድንጋዩ ላይ «ሐጂ» የሚለው ይቀረጽ አይቀረጽ በሚል ከሼሁ ጋር መከራከር ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ ለልጅቱ ከሱቄ ደጃፍ አንድ ጠረጴዛ አወጣሁላት። ከመካኒኩ የተዋሰችውን ሞርሳ አሰረችበት፣ ሞረዶቿን ደረደረች። ወዲያው ወንድማማቾቹ ቁልፋቸውን ይዘው ገዢ አስከትለው መጡ። ታላቅየው ቁልፉን ከተተና ወደ ቀኝ አዞረ። እምቢ አለው። ታናሽየው «ቆይ እኔ» አለና በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ቀጭ ሲል እዚህ ድረስ ተሰማኝ። ግማሹ ቁልፍ እጁ ላይ፣ ግማሹ መቆለፊያው ውስጥ ቀረ። ገዢው ሰዓቱን ማየት ጀመረ።

ታላቅየው ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ። በሰፈሩ ቁልፍ ሠሪ አንድ ብቻ ነው። እያመነታ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። «እህታችን... እንደው አንዴ...»

ቦርሳዋን አነሳች። በቀጭን የመጋዝ ስባሪ ስብርባሪውን ስባ አወጣች፣ ሽቦ ከተተች፣ ግማሽ ዙር ወደ ግራ ወሰደችው። በሩን በትከሻዋ ከፍ አደረገችና ወደ ቀኝ መለሰችው። ሃያ ዓመት ስታነሳው የኖረችው በር ተከፈተ። አንድ እግሯን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባችም።

«ስንት ነው?» አለ ታላቅየው።

ለማንም የምትጠራውን ዋጋ ጠራች።

«ኧረ ተይ እህታችን!» አለ እየሳቀ። «የአባትሽ ሱቅ እኮ ነው፤ ትንሽ ቀንሺልን እንጂ።»

እጇን በጨርቅ ጠረገችና መዳፏን ዘረጋች።

«የአጎታችሁ ነው» አለች።